ወንፊቱ ሠርቷል፣ አባባ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል፣ አባባ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ እንደሚብስብዎ አውቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ስናወራ ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ የጀመርኩትን ስለማልጨርስ፣ ዛሬ ልጻፍልዎ ብዬ ቁጭ አልኩ። ታናሼ አትማ ታመጣልዎታለች፤ ፊደሉን ትልቅ አድርጊው ብያታለሁ።

ባለፈው ቤቴ ያለውን የዓሣ ገንዳ በቪዲዮ ሲያዩ «ዓሣውስ እሺ፣ ያ አበባ የሚመስለው ነገር ምንድን ነው? ይበላል?» አሉኝና መስመሩ ተቋረጠ። ጠብቆ ከሆነ አይበላም፤ ላልቶ ከሆነ ግን አዎ፣ ይበላል።

ስሙ አኒሞኒ ነው። አበባ ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው፤ የጄሊፊሽ ዘመድ። እግሩን ድንጋይ ላይ ለጥፎ ክንዶቹን ዘርግቶ ይቀመጣል። የእኔው የክንዶቹ ጫፍ እንደ አረፋ ያብጣል። እንደ ሳማም ይለበልባል፤ እኔን ሲነካኝ ጣቴ ላይ ሙጫ የተጣበቀ ያህል ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ ትንሽ ዓሣ ግን አያመልጠውም። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሽምብራ ፍሬ የምታህል የሽሪምፕ ቁራጭ በወረንጦ አቀብለዋለሁ። ክንዶቹ አንድ በአንድ እየታጠፉ ይሸፍኗታል፣ ቀስ አድርገው ወደ መሐል ይወስዷታል፤ እዚያ ስንጥቅ የመሰለ አፉ ይከፈታል። የተረፈውን ኋላ በዚያው በአፉ ይተፋዋል፤ ሌላ መውጫ አልተፈጠረለትም። ከሽሪምፑ ይበልጥ የሚያኖረው ግን መብራቱ ነው። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች አሉ፤ ከብርሃን የሠሩትን ምግብ ያካፍሉታል። መብራት ካነሰው ወይም ውኃው ከሞቀበት ያስወጣቸውና ይነጣል፤ ከነጣ ደግሞ እየተራበ ይሄዳል።

አሁን የደበቅኩትን ልናዘዝ። ይኼ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው መሞቱን አልነገርኩዎትም።

ገንዳው ገና ሁለት ወሩ ነበር። የሸጠልኝ ሰው «ችግር የለውም» አለኝ፤ እኔም መስማት የፈለግኩት ያንን ስለነበር አመንኩት። አዲስ ውኃ ለዚህ ፍጥረት አይሆንም፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች እስኪደላደሉ ቢያንስ መንፈቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። አኒሞኒ ደግሞ ቦታው ካልተመቸው እግሩን አላቅቆ ይሄዳል። ማታ ሥራ ውዬ፣ ማለቴ ሥራ አድሬ፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ሌሊት ሲሄድ ፓምፑ ስቦት ከትፎታል። ውኃው ወተት ሆኗል። ሁለቱም ዓሦች ተገልብጠው ይንሳፈፋሉ። የደንብ ልብሴን ሳላወልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለዓሣ!

ያኔ ነው ደውዬ «አባባ፣ ፓምፕ የማይፈለግ ነገር እንዳይስብ ምን ይደረጋል?» ያልኩዎት። ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁኝ፣ መርከብ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝበትን ውኃ ከባሕር ሲስብ ያለ ወንፊት እንደማይስብ፣ የወንፊቱ አፍ ከቧንቧው ሰፋ ማለት እንዳለበት፣ አለዚያ መሳቡ አንድ ቦታ ላይ እንደሚበረታ ግማሽ ሰዓት አስረዱኝ። ባሕር ኃይልን ከለቀቁ ይኼን ያህል ዘመን፣ የምጽዋ ሞተር ክፍል አሁንም ጭንቅላትዎ ውስጥ ይሠራል። እንዳሉኝ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ወንፊት አበጀሁለት፤ በላዩ ላይ ስፖንጅ ጠቀለልኩበት።

ከዚያ ስምንት ወር ውኃ ብቻ ሳሳድግ ኖርኩ። 150 ሊትር ነው፤ በእኛ ጀሪካን ሰባት ተኩል። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል የባሕር ጨው ይገባበታል። ውኃው በየቀኑ ይቀንሳል፣ መጀመሪያ የጎደለውን በጨው ውኃ ስሞላው ለካ ጨውነቱን እያባባስኩት ነበር። የሚተነው ውኃው ነው፣ ጨው ቁጭ ይላል፤ የአሰብን ጨው ማምረቻ ያየ ሰው ልጅ ይኼ ሊጠፋኝ አይገባም ነበር። አሁን የምሞላው የተጣራ፣ ጨው የሌለው ውኃ ነው።

ሁለተኛው ሲመጣ ከፊት ለፊት፣ ከሶፋዬ በደንብ የሚታይ ድንጋይ አዘጋጀሁለት። አንድ ሌሊት እንኳ አላደረበትም። አሥራ አንድ ቀን ዞረ። ወንፊቱ ላይም ሄዶ አንድ ቀን ሙሉ ተለጠፈ፤ ምንም ሳይሆን ተመለሰ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በመጨረሻ ከኋላ በኩል፣ ሁለት ድንጋዮች የሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ እግሩን ወተፈና ቀረ። ሁለት ጊዜ ላላቅቀው እጄን ከተትኩ። ሁለቱንም ጊዜ ይበልጥ አጥብቆ ያዘ፤ እግሩ ከተቀደደ ደግሞ ቁስሉ ያመረቅዝና ይሞታል። እጄን አወጣሁ። ሶፋውን ገፍቼ ወደ ጎን አዞርኩት፤ አሁን ቴሌቪዥኑን አንገቴን ጠምዝዤ ነው የማየው።

እና አባባ፣ ቢሾፍቱን ለቀው ታናሼ ዘንድ አዲስ አበባ ይግቡ እያልኩ ሁለት ዓመት የጨቀጨቅኩዎትን ከእንግዲህ አላነሣውም። ለእሷም ነግሬያታለሁ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የሚያዝ ብረት ይተከልልዎ፣ ማታ የሚያድር ልጅ ይፈለግ፤ እነዚህን ብቻ እሺ ይበሉኝ። በጥቅምት ፈቃዴን ወስጄ እኔው እመጣለሁ።

ደግሞ «ስንት ዓመት ይኖራል?» ብለው ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ጆን ዳልዬል የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1828 ከባሕር ዳርቻ አንድ አኒሞኒ አንሥቶ ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጠ። ሰውዬው በ1851 ሞተ፤ አኒሞኒው ከአንዱ ጠባቂ ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ 1887 ኖረ። «አያቴ» ብለው ነበር የሚጠሩት፤ ሲሞት ጋዜጣ ላይ ወጥቶለታል። ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ፣ ሰው በእጁ ውኃ እየለወጠለት ብቻ!

አዳዲሶቹ ሁለት ዓሦች ሦስት ሳምንት ፈርተውት ከርመው አሁን ክንዶቹ መሐል ያድራሉ። ገላቸውን የሸፈነው ልጋግ ከልብለባው ያድናቸዋል። የእነሱ ነገር ሌላ ጉድ ነው፤ ሁሉም ወንድ ሆነው ይፈለፈሉና ትልቁ ሴት ይሆናል፤ እሷ ከሞተች ባሏ ሴት ሆኖ ቦታዋን ይይዛል። ይኼን ለንስሐ አባትዎ እንዳይነግሩ።

የእነዚህ ዘመድ ቀይ ባሕር ውስጥም አለ፤ ብጫ ሆኖ ሁለት ነጭ መቀነት ያለው፣ ከአኒሞኒ የማይለይ። ምጽዋ ሳላችሁ እሑድ እሑድ በጀልባ አረንጓዴ ደሴት ሄደን እንዋኝ ነበር ይሉ የለ? ምናልባት አይተውት ይሆናል። መርከበኞቹ ምን ብላችሁ ትጠሩት ነበር?

እሑድ እርስዎ ጋ 11 ሰዓት፣ እኔ ጋ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። መብራቱ በዚያ ሰዓት ይበራል። ስልኩን ከኋላ በኩል ወስጄ ስንጥቁን አሳይዎታለሁ፤ መነጽርዎን አድርገው ይጠብቁኝ።

ናፋቂ ልጅዎ