እማ፣ አመዱን ተይው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ነገር በስልክ ብጀምርልሽ «ሂሳብሽ ያልቃል» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። የጎረቤት ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

አሁንም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ከመስኮቴ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ይታያል። ማታ ማታ የመኪናውን መብራት እያየሁ «ይሄኛው መቂ ይገባል» እላለሁ።

የጥርስ ሕክምና ትምህርቱ ከክፍል ወጥቷል። አምና የምንለማመደው ፋንተም በምንለው የፕላስቲክ ጭንቅላት ላይ ነበር። አይጮኽ፣ ምራቁን አይውጥ፣ ምላሱን አያወናጭፍ። ዘንድሮ ሰው ነው። መጀመሪያ የማደንዘዣ መርፌ የወጋሁት የክፍል ጓደኛዬን ነው፤ እሷም በተራዋ እኔን ወጋችኝ። ያን ቀን ከንፈሬ ደንዝዞ ሻዩ በአገጬ ይወርድ ነበር።

ክሊኒካችን ምን ምን እንደሚሸት ታውቂያለሽ? ቅርንፉድ። ጥርሴን ሲያመኝ ወቅጠሽ ትጠቀጥቂልኝ የነበረው ቅርንፉድ። እኛ ዘይቱን ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ለውሰን ጥርስ ለጊዜው እንሞላበታለን። ስንት መጽሐፍ አንብቤ መጨረሻ የደረስኩት አንቺ ጓዳ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ባለፈው ወር አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። የዝዋይ ልጅ ናት፤ አሁን ኮዬ ፈጬ ነው የሚኖሩት። ስታወራ አፏን በሻርፗ ትሸፍናለች። ሻርፑን ሳይ ከስሩ ምን እንዳለ ገባኝ፤ እኔስ ስንት ዓመት በእጄ ሸፍኜ ስቄያለሁ? የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቿ እንደ ቡና አተላ በልዘዋል። ገና ምንም ሳልጠይቅ እናትየው «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «በልጅነቷ በደንብ አላስፋቅኳትም።»

እማ፣ ያንቺን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ከጓዳ ጀርባ ጉልበትሽ መሃል ይዘሽ በአመድ ስታሺኝ፣ ድዴ ሲደማ፣ «ትንሽ ቻይው፣ ይለቃል» ስትዪኝ። አልለቀቀም። ሊለቅም አይችልም ነበር። እድፍ አይደለማ።

ቋሚ ጥርስ እንዲህ የሚበልዘው ከመብቀሉ በፊት ነው፤ ድድ ውስጥ ተደብቆ ገና ሲሠራ። ከተወለድን እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ማለት ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ከእሳተ ገሞራው አለት ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ይወጣል። ጥቂቱ ደግ ነው፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባል። ሲበዛ ነው ጉዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል። ወንጂ ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ።

አንቺ ከወሎ ስትመጪ ሃያ ዓመት አልፎሽ ነበር። ጥርስሽ ሥራውን ጨርሶ ነው የመጣው። በተነቀስሽው ጥቁር ድድ ላይ እንደ ወተት የነጣው ለዚህ ነው። «እናቲቱ እንዲህ እያላት ልጇን ጣለቻት» ያሉሽ ሴቶች ይህን አላወቁም። አንቺም አላወቅሽም፤ ዝም ብለሽ ተሸከምሽው።

የአባባም ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ወንጂ ሸንኮራ ላይ ያን ሁሉ ዓመት ሠርቶ፣ በኋላ ሰው ሲጠራው አንገቱን ማዞር አቅቶት መላ ሰውነቱን ይዞ ይዞር የነበረው። ይህ ውሃ ለረጅም ዘመን ሲጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያም ያደርቃል። የእሱ ከዚያ ይሁን ከእርጅና፣ ራጅ ሳይነሳ ስለሄደ አልፈርድም።

ልጅቷን እኔ ነኝ የሠራኋት። ጥርሷን አሲድ ቀብቼ፣ አጥቤ፣ ጥርስ የሚመስለውን መሙያ ለጥፌ በሰማያዊው መብራት አደረቅኩት። አማረ። እኔም ኮራሁ። በሦስተኛው ቀን የለጠፍኩትን በሶፍት ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። መምህሬ አልተቆጣም። ፍሎራይድ የበዛበት ጥርስ ለአሲድ እልኸኛ ነው፣ እንደ ሌላው ጥርስ በጥቂት ሰከንድ አይበገርም አለኝ። ላዩን በስሱ ፍቀን፣ አሲዱን አቆይተን፣ ደግሜ ሠራሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። መስታወት ሰጠኋት። ብዙ አየች፤ ከዚያ ሻርፗን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የኔን ደግሞ ጓደኛዬ ልሥራልሽ ትለኛለች። ገና አልወሰንኩም፤ ለምጄዋለሁ መሰለኝ።

አሁን የምለምንሽ ስለ አቡሽ ነው። ሦስት ዓመቱ ነው። የፊት ጥርሶቹ አሁን፣ ይህን በምታዳምጪበት ሰዓት፣ ድዱ ውስጥ እየተሠሩ ነው። ከጉድጓድ የሚሳበውን የሞተሩን ውሃ ለመጠጥ አትስጪው። አፈላዋለሁ እንዳትዪ፤ ማፍላት ፍሎራይዱን አያወጣውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይበዛል። ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ውሃ አጋርም ለጀርም እንጂ ለዚህ አይሆንም። ክረምት የጣሪያውን ውሃ አጠራቅሚለት፤ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ይጠበውና የሚቀጥለውን ቅጂ። እሱን አፍልተሽ ስጪው። በበጋ የሚገዛበትን እኔ እልካለሁ። ምንም ይሁን ምን ግን በአመድ አትሺው።

ያ የሚነቃነቀው መንጋጋሽንም ማንም እንዳይነቅልሽ። ሐሙስ መምህራችን ስላለ ረቡዕ ነይ። ቃሊቲ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። በርበሬ አትሸከሚ፣ ያለፈው አላለቀም። ይልቅ አንድ የላስቲክ ጠርሙስ በደንብ አጥበሽ፣ ከሞተሩ ውሃ ሞልተሽ ያዢልኝ። አስለካዋለሁ።

ልጅሽ