ስለ ክሎሮኪን ለጠየቅኸኝ

ለውድ ጓደኛዬ፦

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅር በለኝና ክሎሮኪን ለኮቪድ ይረዳ እንደሆነ፣ ጉዳቱስ ምን እንደሆነ ወደጠየቅኸኝ ልግባ።

የወባው መድኃኒት ክሎሮኪንም የቅርብ ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪንም ደካማ ቤዝ፣ ማለትም አሲድን የሚያረግቡ ናቸው። ሕዋስ ውስጥ በቀላሉ ይገባሉ፤ አሲዳማ ከረጢቶቹ፣ ኢንዶሶምና ላይሶሶም፣ ዘንድ ሲደርሱ ግን ፕሮቶን (የአሲዱን ቅንጣት) ይይዙና መውጫ ያጣሉ። አሲዱ ይረግባል። በኢንዶሶም በኩል የሚገባ ቫይረስ ያለ አሲዱ መላቀቅ ስለማይችል እዚያው ይታገታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ክሎሮኪን የመጀመሪያውን ሳርስ (የኮቪድን ዘመድ ቫይረስ) በላቦራቶሪ በቬሮ ሕዋስ ላይ እንዳገደ የታተመውም ብዙ ተስፋ የሰጠው ለዚህ ነው። ቬሮ ግን የጦጣ ኩላሊት ሕዋስ ነው! በሰው ሳንባ ሕዋስ ላይ ኮቪድ ቲኤምፒአርኤስኤስ2 በሚባለው ኢንዛይም ታግዞ ከውጭ በኩል ስለሚገባ ኢንዶሶሙን አይጠብቅም። በብሪታኒያው ሪከቨሪ የኮቪድ ሕክምና ጥናት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከተመደበላቸው 1561 ሕሙማን በ28 ቀን ውስጥ 27 ከመቶው ሞቱ፤ ካልተመደበላቸው 3155 ደግሞ 25 ከመቶው፤ አልጠቀመም ማለት ነው።

ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ከረጢት ነው። ላይሶሶም ውስጥ የታጎረው መድኃኒት ፎስፎሊፒድ የሚባለውን የሕዋስ ቅባት የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ያውካል፤ ቅባቱ ሳይፈጭ ይከማቻል፤ ፎስፎሊፒዶሲስ የሚሉት ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ለኮቪድ የተሞከሩ ብዙ መድኃኒቶች በላቦራቶሪ ቫይረሱን ያገዱት በዚሁ መንገድ መሆኑን አሳይቷል። በተራ ማይክሮስኮፕ የጡንቻና የልብ ናሙና ላይ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ይታያል፤ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ግን እንደ ሽንኩርት የተደራረቡ፣ አልፎም ጥምዝምዝ ያሉ አካላት ይወጣሉ። በኩላሊት ላይ ቅባት በሕዋስ ከሚከማችበት የዘር በሽታ፣ ከፋብሪ፣ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ ሕመምተኛው ምን እንደሚወስድ ያልጠየቀ ፓቶሎጂስት (ናሙና መርማሪ ሐኪም) በቀላሉ ይሳሳታል።

ለወባ የሚሰጠው የሦስት ቀን ክሎሮኪን እዚህ አያደርስም። የሚያሰጋው እንደ እህትህ ለሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን ለሚያጠቃበት በሽታ) ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለዓመታት የሚወስድ ሰው ነው። የሃይድሮክሲክሎሮኪን ልክ በቀን፣ በትክክለኛው የሰውነት ክብደት፣ ለኪሎ ከ5 ሚሊግራም አይበልጥም። 60 ኪሎ ከሆነች 300 ሚሊግራም ነው፤ ባለ 200ውን አንድ ቀን አንድ፣ በማግሥቱ ሁለት ትውጣለች። ከሁሉ የምፈራው ለዓይን ነው፤ መድኃኒቱ ከሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን ክፍል) ሜላኒን፣ ማለትም ጥቁር ቀለሙ፣ ጋር ይጣበቃል፣ የተጎዳው አይመለስም፣ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ሊቀጥል ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት የዓይን መነሻ ምርመራ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ኦሲቲ (የሬቲናን ንብርብር የሚያሳይ ምስል) እና የእይታ መስክ ምርመራ ታድርግ። ኩላሊቷ ከደከመ ወይም ታሞክሲፌን የተባለውን የጡት ካንሰር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አምስት ዓመት አይጠበቅም።

ክብደቷን፣ የምትወስደውን መጠንና የመጨረሻውን የክሬአቲኒን (የኩላሊት ሥራ የሚለካበት የደም ምርመራ) ውጤት ላክልኝ። ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ