«እዩኝ እንጂ»፦ የሥዕል ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ነው። 31 ተማሪዎች ተመዝግበው ነበር፤ ሰኔ ላይ የቀሩት 17 ናቸው። ከወጡት አብዛኞቹ የ12ኛ ክፍል ልጆች ሲሆኑ ለብሔራዊ ፈተና ለመዘጋጀት ብለው ነው የተለዩን። የምንገናኘው ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ፣ ከቤተ ሙከራው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር። ይህ ለመዝገብ ያህል ነው። በዚህ መጽሔት ላይ በሰፊው ልጽፍበት የፈለግሁት ግን አንድ ነገር አለ፤ ሰውን ፊት ለፊት አስቀምጦ መሣል።

እስከ ዓምና ድረስ ልጆቻችን የሚሥሉት ከፎቶግራፍ ነበር። ፎቶውን በማስመሪያ ካሬ በካሬ ይከፍሉታል፣ ወረቀቱንም እንዲሁ፤ ከዚያ አንዱን ካሬ ወደ አንዱ ይገለብጣሉ። እጃቸው የተባረከ ነው፤ የዘፋኙም የኳስ ተጫዋቹም ፊት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን ታዲያ ከሁሉም ጎበዝ የሚባለውን ልጅ «እስቲ አጠገብህ ያለውን ጓደኛህን ሣለው» አልኩት። እርሳሱን እንደያዘ ቆየና «ቲቸር፣ ይንቀሳቀሳል እኮ» አለኝ። ዘንድሮ የሠራነው ሁሉ ከዚያች ከአፉ ከወጣችው ቃል የተነሣ ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚሁ ነበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሕያው ሞዴል ፊት የተቀመጥኩበትን ቀን አልረሳውም። መምህራችን ሰዓታቸውን አይተው «30 ሰከንድ!» አሉ። አንዱን ዓይን ሠርቼ ሳልጨርስ ሰውየው አቋሙን ቀየረ። እንደገና «30 ሰከንድ!» ተባለ፤ እንደገና ከዓይን ጀመርኩ። በዚያን ዕለት 20 ወረቀት ጨረስኩ፤ 20 ዓይን ይዤ ወጣሁ፤ ሰው ግን አንድም አልነበረበትም። መምህሬ ወረቀቶቹን አገላብጠው አዩና የጠየቁኝ ስለ ዓይኑ አይደለም፤ «ሰውየው የቆመው በየትኛው እግሩ ነው?» ነበር ያሉኝ። አላወቅሁም። ሃያ ጊዜ ፊቴ ቆሞ፣ በየትኛው እግሩ እንደቆመ አላየሁም።

ስለዚህ ከልጆቹ ጋር የጀመርነው ከዚያው ከ30 ሰከንዱ ነው። ተማሪዎቹ ተራ በተራ መሃል ላይ ይቆማሉ፤ አንዱ ውኃ እንደሚቀዳ ያጎነብሳል፣ አንዷ እንስራ እንዳዘለች ጎበጥ ትላለች፣ አንዱ ኳስ ሊመታ እግሩን ያነሣል። የሚሥለው ሰው ፊት፣ ጣት፣ ቁልፍ የሚባል ነገር አይሠራም፤ ከአናት እስከ ተረከዝ የሚወርደውን አንድ መስመር፣ የትከሻውን ዘንበል ማለት፣ የዳሌውን ዘንበል ማለት ብቻ ይይዛል። ሰው በአንድ እግሩ ሲያርፍ በዚያ በኩል ዳሌው ከፍ ይላል፣ ትከሻው ደግሞ በዚያው በኩል ዝቅ ይላል። ይህን በሰሌዳ ላይ ብነግራቸው ይረሱት ነበር። ራሳቸው ቆመው ሲያዩት ግን በማግስቱ በሰልፍ ላይ ባንዲራ ሲሰቀል ሁሉም የፊተኛቸውን ሰው ዳሌ ሲመለከቱ አገኘኋቸው።

ስለ ከሰሉ ደግሞ ልናገር፤ ልጆቹ ከሁሉ የወደዱት እሱን ነውና። እርሳስ ሰውን ወደ ትንንሽ ነገር ይጎትተዋል፤ ጣት ብቻ ነው የሚሠራበት። ከሰል ግን ከትከሻ ጀምሮ ክንድን ሁሉ ያንቀሳቅሳል፣ የተሳሳተውም በመዳፍ ይጠረጋል። የማገዶ ከሰል ለዚህ አይሆንም፤ ወረቀቱን ይቧጭራል። እናም የራሳችንን ሠራን። ከወንዝ ዳር የእርሳስ ውፍረት ያለው የአኻያ ቀንበጥ ቆረጥን፣ ልጠን አደረቅነው፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገን ደረደርነው፣ ክዳኑን በሚስማር በስተን እሳት ላይ ጣድነው። በቀዳዳዋ መጀመሪያ እንፋሎት፣ ቀጥሎ ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ሲያቆም ጣሳው ይወርዳል። ዋናው ነገር ሳይቀዘቅዝ አለመክፈት ነው፤ አየር ከገባበት ይቀጣጠላል። የመጀመሪያውን ጣሳ ቸኩለን ከፈትነውና አመድ ሆነብን። ሁለተኛውን አሳደርነው። ጠዋት ሲከፈት ቀንበጦቹ ቅርጻቸውን እንደያዙ ጠቁረው፣ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ቅጭል ቅጭል ይሉ ነበር። ዲያቆን የሆነ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን አንዷን አንሥቶ፣ በ136ኛው መዝሙር የጽዮን ልጆች በገናቸውን የሰቀሉት በአኻያ ዛፍ ላይ መሆኑን ነገረን። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ከሰሉን ሲይዙ ጥንቃቄያቸው ጨመረ።

ላጲስን በተመለከተ፣ እኔ የተማርኩት ከሰልን ለስላሳ በሆነው የዳቦ የውስጥ ክፍል ማንሣትን ነበር፤ በትክክልም ይሠራል። ልጆቹ ግን እህልን ለዚህ ማዋል ከበዳቸው። አንዷ «ቲቸር፣ እናቴ ብታየኝ» አለች። ልክ ናት፤ ተውነው። ቀሪውን ዓመት በጨርቅና በጣት ሠራን።

አንድ ወላጅ ልጃቸው «ሕያው ሰው እንሥላለን» ሲላቸው ደንግጠው መጡ። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች እርቃን ሞዴል እንደሚሣል ሰምተዋል፤ እውነትም ነው፣ ጡንቻና አጥንት የሚጠናው በዚያ ነው። እኛ ጋ ግን ሞዴሎቻችን ሁሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ገብተውም እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። በዚያን ዕለት የምንሥለው ጋቢ የለበሰ ሰው ነበር። ጋቢ አካልን የሚደብቅ ይመስላል እንጂ ለሚያይ ሰው ብዙ ይናገራል። የሚንጠለጠለው ከትከሻና ከጉልበት ነው፤ እጥፋቶቹ ሁሉ ከእነዚያ ቦታዎች ተነሥተው ይወርዳሉ። እጥፉን ብቻ የሣለ ልጅ የተከመረ ጨርቅ ይሠራል፤ እጥፉ ከየት እንደተነሣ የፈለገ ልጅ ግን ጉልበቱን ያገኘዋል። ወላጁ እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ፤ ሲወጡም የራሳቸውን ጋቢ እጥፍ ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ጋቢ ለብሰው የተቀመጡልን የትምህርት ቤታችን ጥበቃ ናቸው፤ ልጆቹ አባባ ይሏቸዋል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። ኅዳር ላይ መጀመሪያ ሲቀመጡልን የ20 ደቂቃ ሥራ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ። ከ20 በላይ ሽማግሌ ነበር፤ ሁሉም ግንባሩ የተሸበሸበ፣ ሁሉም ጎበጥ ያለ። ሦስቱ ልጆች ረጅም ነጭ ጺም ሠርተውላቸዋል። አባባ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ጺማቸውን ተላጭተው ነው የመጡት።

መጀመሪያ ግድየለሽነት መስሎኝ ልቆጣ ነበር። በኋላ ግን ልጆቹ ሲሠሩ እንዴት እንደነበሩ አስታወስኩ። አንገታቸውን ደፍተው፣ በቅንድባቸው ሥር አንድ ጊዜ ሰረቅ አድርገው አይተው ቶሎ ወደ ወረቀቱ ይመለሱ ነበር። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኛ ያደግነው ትልቅ ሰው ሲያናግረን መሬት መሬት እያየን ነው። ሽማግሌን ዓይን ለዓይን ማፍጠጥ ነውር ነው፤ «ዓይነ ደረቅ» ያሰኛል። ይህ ጨዋነት ነው፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ግን አንድ ልጅ 15 ዓመት ሙሉ ሽማግሌን ሳያይ ካደገ፣ ሣል ሲባል የሚሥለው የሰማውን ሽማግሌ ነው፤ የተረቱን፣ የመጽሐፉን። ጺሙም ከዚያ የመጣ ነው።

ይህን ለልጆቹ ሳስረዳ አባባ ከወንበራቸው ሳይነሡ ይሰሙኝ ነበር። «ልጆቼ፣ እዩኝ እንጂ! ካላያችሁኝ ምኔን ልትሥሉ ነው? እኔ ፈቅጄ ነው የተቀመጥኩት» አሉ። ከዚያ ሌላ 20 ደቂቃ ተቀመጡ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚህኛው ዙር ወረቀት እንዳያዩ ከለከልኳቸው፤ ዓይን በሰውየው ጠርዝ ላይ እንደ ጉንዳን ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ እጅ ዓይንን ይከተላል። እንዲህ የተሠራ ንድፍ መስመሩ ይዛነፋል፣ አፍንጫው ከአገጩ በታች ሊወርድ ይችላል። ነገር ግን በዚያ በተዛነፈው መስመር ውስጥ የአባባ ጆሮ ነበር፤ የሌላ የማንም ያልሆነ፣ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ውጭ የወጣ። አንድም ልጅ ጺም አልሠራም።

ጥር ላይ ቆመው አገለገሉን። ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን በላዩ አንጠልጥለው፤ እረኛ ሆኖ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው አቋም ነው። በዚህ ጊዜ ልጆቹ አባባን ሳይሆን በአባባ ዙሪያ ያለውን ባዶ ቦታ እንዲሥሉ አደረግሁ፤ በክንዳቸውና በዱላው መካከል ያለውን ጠባብ ባዶ፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ረጅም ባዶ። ለባዶ ቦታ ቀድሞ የምናውቀው መልክ ስለሌለን እንዳለ እናየዋለን። ባዶዎቹ በልካቸው ሲቀመጡ ሰውየው በመካከላቸው ራሱ ይወጣል። በዚያ ቀን አንድ ጥፋት አጠፋሁ፤ በሥራው ተመስጬ ሰዓቱን ዘነጋሁና ከግማሽ ሰዓት በላይ አቆምኳቸው። አባባ ምንም አላሉም። ዱላውን ሲያወርዱ ግን እጃቸው ደንዝዞ መያዝ አቃታቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰዓት የሚይዘው ራሱን የቻለ ተማሪ ነው፤ ማንኛውም አባልም ከመሣሉ በፊት 10 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ እንዲሞክረው አድርገናል።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ደግሞ በየካቲት ገጠመኝ። ፊትን በጎን ስንሥል አንዲት ተማሪ ተራዋ ደርሶ «እኔን በጎን አትሣሉኝ» አለች። ስጠይቃት በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ በጎን የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው፣ ክፉ ሰው ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ይመለከቱናል፣ ሰቃዮቹ በአንድ። ለልጆቹ ሁለቱም የአሣሣል መንገድ የራሱ ሕግ እንዳለው ነገርኳቸው። የጥንቱ ሠዓሊ የሚሥለው ሰውየው ማን እንደሆነ ነው፤ እኛ በዚህ ክፍል የምንሥለው ሰውየው አሁን እንዴት እንደተቀመጠ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ልጅቷን ፊት ለፊት ሣልናት። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም በአዲስ አበባ ስላቋቋሙት፣ ዛሬ በስማቸው ስለሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የነገርኳቸውም በዚያው ዕለት ነው። ሁለቱ እዚያ መግባት እንደሚመኙ ከዚያ ወዲህ ደጋግመው ነግረውኛል።

በመጋቢትና በሚያዝያ ስለ ሰውነት ልክ ሠርተናል፤ የቆመ ትልቅ ሰው ሰባት ወይም ሰባት ተኩል ያህል የራሱን ጭንቅላት እንደሚረዝም፣ ዓይን በጭንቅላት እኩሌታ ላይ እንደሚገኝ፣ ልጆች ሁሉ ግን ወደ ላይ አውጥተው እንደሚሥሉት። ዝርዝሩ በክበቡ መዝገብ ላይ አለ።

በወላጆች ቀን 64 ንድፎችን በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልን። ብዙዎቹ የተሠሩት በአሮጌ የፈተና ወረቀት ጀርባ ነው። እንግዶች የ30 ሰከንዶቹን እያዩ «ይህ አላለቀም እንዴ?» ይሉ ነበር፤ ልጆቹም በትዕግሥት ያስረዱ ነበር። አባባ ከበር ላይ ሥራቸው ተቀይረው ሲመጡ በተራ በተራ፣ ሳይቸኩሉ አዩ። በጋቢ የተቀመጡበትን፣ በጥላና በብርሃን የተሠራውን ትልቁን ሥዕል አለፉት። የቆሙት ከ9ኛ ክፍል ተማሪ የአንድ ደቂቃ ንድፍ ፊት ነው፤ ዱላ፣ ሁለት ክንድ፣ አንድ የጀርባ መስመር፣ ወደ ቀኝ የተጫነ ዳሌ። «ግራ ጉልበቴን እንደሚያመኝ ለዚህ ልጅ ማን ነገረው?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልነገረውም። እኔም አላውቅም ነበር።

ንድፉን ልጁ በዚያው ዕለት ሰጣቸው። በጥበቃ ቤቱ ውስጥ፣ የተረኞች ስም ዝርዝር ከተለጠፈበት ጎን ይገኛል። ከሰሉ እንዳይበን የፀጉር ስፕሬይ ነፍተንበታል።

ለመጪው ዓመት አንድ ጣሳ ተኩል የአኻያ ከሰል በመደርደሪያው ታችኛው ክፍል ተቀምጧል። ወረቀት የለንም። አንድ በኩል ያልተጻፈበት ወረቀት ያላችሁ መምህራን እንዳትጥሉት፤ ረቡዕ ረቡዕ አንድ ልጅ ልኬ አስወስዳለሁ።