ሪፈር ወረቀቱ ላይ ሰዓት ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሆስፒታሎቻችን በሚጻፈው ሁሉ ሁለት ነገር አይታጣም፤ የአልጋ እጥረትና የመድኃኒት እጥረት። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሆኖም ታካሚ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ በሚያልፍበት ሰዓት፣ ማለትም አልጋ ሲይዝ፣ ከዋርድ ወደ ዋርድ ሲዛወር፣ ሪፈር ሲባልና ወደ ቤቱ ሲሸኝ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከአልጋም ከመድኃኒትም ጋር አይገናኝም። ወረቀቱ ላይ መኖር የነበረበት አንድ መስመር ሳይጻፍ ቀርቶ የሚመጣ ጉዳት ነው። መስመሩን የሚጽፈውም የሚያነበውም በአብዛኛው ነርስ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን የሥራ ባልደረቦቻችንም አስታማሚዎችም እንዲያዩት እንፈልጋለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓቱ። እኛ አገር በአንድ ቻርት ላይ ሁለት ዓይነት ሰዓትና ሁለት ዓይነት የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሐኪሙ በፈረንጅ ሰዓት ያዛል፣ ነርሷ በሀበሻ ሰዓት ትመዘግባለች፣ ላቦራቶሪው ደግሞ ማሽኑ ያተመውን ይለጥፋል። ታካሚው እዚያው ዋርድ ውስጥ እስካለ ድረስ ሁሉም የሁሉንም ልማድ ስለሚያውቅ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ከግቢ ሲወጣ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በከባድ የእርግዝና ደም ግፊት ሪፈር የምትባል እናት ማንቀጥቀጥ እንዳይመጣባት ማግኒዚየም ሰልፌት ይሰጣታል። የመጀመሪያው ዶዝ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ 10 ግራም ደግሞ በሁለቱ መቀመጫዎች አምስት አምስት ግራም ተከፍሎ በጡንቻ ነው፤ ከዚያ በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም በጡንቻ ይቀጥላል። አሁን ወረቀቱ ላይ «የመጨረሻ ዶዝ 4:00» ብቻ ተጽፎ እናቲቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደረሰች እንበል። ጸሐፊው በፈረንጅ አስቦ ከሆነ መድኃኒቱ የተሰጠው ሌሊት 10 ሰዓት፣ ማለትም ከአንድ ሰዓት በፊት ነው። ተቀባዩ በሀበሻ ካነበበው ግን ማታ 4 ሰዓት፣ ማለትም ከ7 ሰዓት በፊት ይሆንበታል። «ሰዓቱ አልፏል» ብሎ ሌላ 5 ግራም ይወጋል። የማግኒዚየም ብዛት መጀመሪያ የጉልበቷን ሪፍሌክስ (ጉልበት ሲመታ እግር የሚወራጭበትን ምላሽ) ያጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሿን ያዘገያል። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ ዶዝ በፊት ሪፍሌክሱ መኖሩን፣ ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16 መሆኑን፣ ሽንትም በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱን ማየት፣ የማግኒዚየም ማርከሻ የሆነውን ካልሲየም ግሉኮኔትንም ከአጠገብ ማስቀመጥ ግዴታ የሆነው። ግን ምርመራው ሁለተኛ አጥር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የመጀመሪያው አጥር «ሌሊት 10 ሰዓት» ብሎ ክፍለ ቀኑን ጨምሮ መጻፍ ነው። «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» የምትለው ቃል ከቁጥሩ በፊት ትግባ፤ ከዚህ የበለጠ ሥልጠና አይጠይቅም።

ኢንሱሊንም እንደዚሁ ነው። ጤና ጣቢያው ጠዋት የሰጠውን ሳይጽፍ ቀርቶ ሆስፒታሉ ሲደግመው ስኳሩ ይወርድና ታካሚው በላብ ተጠምቆ ራሱን ይስታል። ቀጠሮም አለ። «5/7» የሚል ቀጠሮ ለአንዱ መጋቢት 5 ነው፤ ለሌላው ሰኔ 28። በመሃል ወደ አራት ወር የሚጠጋ ልዩነት አለ።

ከወረቀቱ በፊት ደግሞ ስልክ መቅደም አለበት። የአገራችን የሪፈራል አሠራር ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ መመሪያ አለው፤ ሆስፒታሎችም ሪፈርን የሚያስተባብር የሊያዞን ክፍል አላቸው። ይህ ክፍል የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ላኪው ተቋም መኪና ከማስነሳቱ በፊት ደውሎ አልጋ፣ ባለሙያና መሣሪያ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ነው። በተግባር ግን አምቡላንሱ መንገድ ከጀመረ በኋላ ወይም ጭራሽ ሳይደወል የሚላክ ታካሚ አይጠፋም። «ከደወልን የለም ይሉናል፤ በር ላይ ካደረስናቸው ግን መቀበላቸው አይቀርም» የሚባል ስሌት እንዳለ እናውቃለን። ስሌቱ አንዳንዴ ይሠራል፤ የሚከፍለው ግን ታካሚው ነው፤ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ወይም የሚሠራ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) የሌለበት በር ላይ ደርሶ እንደገና ይጫናል። በሌላ በኩል ተቀባዩም «አልጋ የለም» ብሎ ስልኩን መዝጋት የለበትም። የት እንዳለ አፈላልጎ መንገር የሊያዞኑ ሥራ ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ታካሚ ከሆነ ደግሞ ሪፈር ወረቀት የለህም ብሎ ከበር መመለስ ፈጽሞ አይገባም፤ ወረቀት የሚጠየቀው መጀመሪያ ትንፋሹና ደሙ ከተያዘለት በኋላ ነው።

ጥሩ የስልክ ንግግር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አሁን ምን ሆኗል፣ ከዚህ በፊት ምን ነበረበት፣ በምርመራ ምን አገኘን፣ ከእናንተ ምን እንፈልጋለን፤ በዚህ ቅደም ተከተል። «አንዲት እናት እየላክን ነው» ማለት ግን ምንም አለመናገር ነው። «28 ዓመት፣ ሁለተኛ ወሊድ፣ ከወለደች 40 ደቂቃ፣ ደም አልቆመም፣ ደም ግፊት 80 በ50፣ ልብ ምት 130፣ ኦክሲቶሲን ተሰጥቷል፣ ሁለት መስመር ፈሳሽ ተከፍቷል፣ ደም አዘጋጁ» ሲባል ግን ተቀባዩ መኪናው እስኪደርስ ደም ባንክ ይደውላል። የተቀባዩ ስም፣ የደወለው ሰው ስምና ሰዓቱም ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፤ «ማን ተቀበላችሁ?» የሚለው የበር ላይ ክርክር ግማሹ በዚህ ያልቃል።

መኪናው ከመነሳቱ በፊት የሚደረገው ከታካሚ ታካሚ ይለያል። ደም ለሚፈሳት እናት 16 ወይም 18 ቁጥር ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቱቦ) በሁለት ክንድ፤ ቀጭኑ 22 ቁጥር ፈሳሽ በፍጥነት አያስገባም። ለተሰበረ እግር ማሰሪያው፣ ከታሰረም በኋላ የጣቶቹ ሙቀትና ስሜት ይታያል። ከባድ ኢንፌክሽን ለተጠረጠረበት ሕፃን የመጀመሪያው የአንቲባዮቲክ ዶዝ ሳይሰጥ መንገድ አይጀመርም። ጨቅላው ደግሞ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከሚጓዝ ይልቅ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ፣ ኮፍያ አድርጎ ቢጓዝ ይሻለዋል። ሰውነቱ ከ36.5 ዲግሪ በታች ከወረደ ስኳሩም አብሮ ይወርዳል፣ ትንፋሹም ይከብዳል። ብዙ ጨቅላ በደህና ወጥቶ ቀዝቅዞ የሚደርሰው በመንገድ እንጂ በበሽታው አይደለም።

ኦክስጅን ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እዚህ ላይ ስሌት የሚሠራ ሰው እምብዛም አናይምና። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሲሊንደሩ ይዘት በሊትር ሲባዛ በጌጁ (በግፊት መለኪያው) ላይ በሚነበበው ባር ነው። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ጌጁ 100 ባር ቢያሳይ 1000 ሊትር አለ ማለት ነው። በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ 200 ደቂቃ ይሆናል፤ 10 ሊትር ለሚወስድ ግን 100 ደቂቃ ብቻ። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በተራራማ መንገድ፣ ድንገት ጎማ ቢፈነዳ ወይም መንገድ ቢዘጋ 100 ደቂቃ ምን ያህል አስተማማኝ ነው? የጉዞውን ሰዓት እጥፍ አድርጎ ማስላት ልማድ መሆን አለበት። «ሲሊንደር ተጭኗል» ማለት በቂ አይደለም፤ የሲሊንደሩ መክፈቻ ቁልፍ መኪናው ውስጥ መኖሩም ይታይ። ባዶ ሲሊንደርና ቁልፍ የሌለው ሲሊንደር ለታካሚው አንድ ናቸው።

አብሮ የሚሄደውስ ማን ነው? ደንቡ የሚለው ከታካሚው ጋር ባለሙያ ይሂድ ነው። አንድ አዋላጅ ብቻ ባለበት ጤና ጣቢያ ግን አዋላጇ ከሄደች ሌሊት ምጥ ይዟት የምትመጣዋን የሚቀበል የለም። ለዚህ እኛም የተዘጋጀ መልስ የለንም። ቢያንስ ሾፌርና አስታማሚ ብቻቸውን የሚያደርሱት ታካሚ ከሆነ ተቀባዩ ይህን አስቀድሞ በስልክ ይወቅ፤ በር ላይ የሚጠብቀው ሰው የተለየ ይሆናል።

ወደ አልጋ መያዙ እንምጣ። እዚህ የሚበዛው ስህተት የማንነት ነው። በአገራችን ስም ከነአባት የሚመሳሰል ሰው በአንድ ዋርድ ሁለትና ሦስት ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ ስም ከነአያት፣ ከካርድ ቁጥር ጋር። «አልጋ 7» የታካሚ ስም አይደለም፤ አልጋ 7 ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ሊተኛበት ይችላል። ነርሷም «ከበደ ነህ?» ብላ ከመጠየቅ «ስምህ ማን ይባላል?» ትበል፤ ትኩሳት ያደከመው ሰው ለሁሉም «አዎ» ይላል። ክብደት በሚዛን ይለካ፤ በተለይ ለሕፃናት ዶዙ በኪሎ ስለሆነ የተገመተ ክብደት የተገመተ መድኃኒት ነው። የማይስማማው መድኃኒት ካለ በቻርቱ ፊት በቀይ ይጻፍ። ከቤት ይዞ የመጣው የመድኃኒት ፌስታል ሳይከፈት አይቀመጥ፤ የደም ግፊት ክኒን ዋርድ ውስጥ በሌላ የንግድ ስም ታዝዞለት፣ ከፌስታሉም እየዋጠ፣ ሁለት እጥፍ የሚወስድ ታካሚ አለና። ገንዘብና ወርቅ በሁለት ሰው ፊት ተቆጥሮ ይፈረም። የአስታማሚ ስልክ ሁለት ይመዝገብ፤ አንዱ ሌሊት ሲጠፋ ለቀዶ ሕክምና የሚፈርም ዘመድ መፈለጊያው ሌላኛው ነው።

ከዋርድ ወደ ዋርድ ዝውውር ላይ የምንለው አጭር ነው። በተረኛ መቀያየሪያ ሰዓት ታካሚ አይዛወር። ከቀዶ ሕክምና ክፍል (ኦ.አር.) የሚወጣ ታካሚ ቻርት ላይ ብቻ ተጽፎ አይላክ፤ አልጋው አጠገብ ሁለቱ ነርሶች ቆመው ድሬኑን (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ)፣ ካቴተሩን (የሽንት ቱቦውን)፣ ፋሻውን፣ በመንጠባጠብ ላይ ያለውን ፈሳሽ አብረው ይዩ።

የመሸኘት ነገር ግን ሰፊ ነው፤ የአልጋ እጥረቱም አንድ ክፍል እዚሁ ተደብቋል። በጠዋቱ ራውንድ «ዛሬ ይውጣ» የተባለ ሰው ስንት ሰዓት ላይ ነው አልጋውን የሚለቀው? ብዙ ቦታ ከቀኑ 10 እና 11 ሰዓት ላይ። በመሃል ዲስቻርጅ ሰመሪው (የመውጫ ማጠቃለያው) አልተጻፈም፣ ፋርማሲ ተሰልፏል፣ ሂሳብ ክፍል ለምሳ ዘግቷል፣ የጤና መድን ደብተሩ ቤት ቀርቷል፣ አስታማሚው መኪና ፍለጋ ወጥቷል። በዚያው ሰዓት ኢመርጀንሲ ኮሪደር ላይ በወንበር የተቀመጠ ሰው አልጋ ይጠብቃል። መፍትሔው ማታውኑ መጀመር ነው። ነገ የሚወጡትን ተረኛዋ ነርስ ለይታ ትጽፍ፣ የሚፈለገው ደም ንጋት ላይ ይቀዳ፣ ሰመሪው በዋዜማው ይጀመር፣ አስታማሚውም ደብተሩንና መኪናውን አስቦ ይደር። አንድ አልጋ በቀን አራት ሰዓት ቀድሞ ሲለቀቅ ሕንፃ ሳይሠራ አልጋ ተጨመረ ማለት ነው።

ምክሩም በታካሚው ኑሮ ልክ ይሁን። «ከምግብ በኋላ በቀን 3 ጊዜ» የተባለ ጿሚ በቀን ሁለቴ ብቻ ከበላ ክኒኑንም ሁለቴ ብቻ ይውጣል፤ አልተሳሳተም፣ የተባለውን ነው ያደረገው። ሰዓቱን ከእሱ ጋር ቆጥሮ ማስማማት፣ ካልሆነም ሐኪሙን የሚመች መድኃኒት መጠየቅ ይሻላል። ጠበል የሚሄድ ካለ መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ ሳይኮነን ይነገረው፤ የተቆጣነው ታካሚ መሄዱን አይተውም፣ የሚተወው መድኃኒቱን ነው። ማቀዝቀዣ የሌለው የኢንሱሊን ታካሚ በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ማቆየት ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ለቤቱ ቅርብ ወደሆነው ጤና ጣቢያ ሲላክ እዚያ ተመዝግቦ እስኪጀምር የሚበቃ መድኃኒት ይያዝ፤ ክፍተቱ ዓርብ ወጥቶ ሰኞ የሚመዘገበው ሰው ላይ ነው። ካቴተር ይዞ የሚሄድ ሰው የገባበት ቀን ይጻፍለት፤ ተራው የላቴክስ ካቴተር ሳይቀየር ለረጅም ጊዜ መቆየት የለበትም። ከበር ሳይወጣም ክንዱ ይታይ፤ ካኑላ ሳይነቀልለት ቤቱ የሚገባ ሰው ዛሬም አለ። በመጨረሻም «ገባህ?» ተብሎ አይጠየቅ። «እስኪ ይህን እንዴት ነው የምትወስደው?» ሲባል ያልገባው ወዲያው ይታወቃል።

የሪፈር ወረቀት የግርጌው ክፍል የግብረ መልስ ነው፤ ተቀባዩ ምን እንዳገኘና ምን እንዳደረገ ሞልቶ ወደ ላኪው የሚመልሰው። በእኛ እምነት ከሁሉ ችላ የተባለው ይህ ክፍል ነው። ጤና ጣቢያው የላካት እናት ትትረፍ አትትረፍ ሳያውቅ ቀጣይዋን እንደዚያው ይልካል። ሊያዞኖች ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን መድበው ግብረ መልሱን በስልክ ቢያደርሱ ብዙው ስህተት ከምንጩ ይታረማል።

አስታማሚዎች ሆይ፣ ሪፈር ወረቀት ስትቀበሉ ከግቢው ሳትወጡ አንብቡት፤ ካልቻላችሁ አስነብቡት። ስም ከነአያት ትክክል ነው? የተሰጡት መድኃኒቶች ከነሰዓታቸው፣ ማታ ወይም ቀን ተብሎ ተጽፈዋል? ማን እንደተቀበለ ስሙ አለ? ማኅተምና ፊርማ አለው? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ ደብተሩ በእጃችሁ ነው? የላቦራቶሪ ውጤቱና ራጁም አብረው ይምጡ፤ ፊልሙ ከሌለ ተመልሶ ይነሳል፣ ተመልሶም ይከፈላል። የጎደለ ካለ ነርሷን ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በተኝቶ ሕክምናና በሊያዞን ክፍል የምንሠራ ነርሶች