ፖርቶቤሎን በአማርኛ ጽፈን እንድንጨርስ አግዙን

ወገኖች፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ይህ የገንዘብ ጥሪ ነው። የዓለምን ትንንሽ ታሪካዊ ከተሞች መልክዓ ምድርና ሕዝብ በአማርኛ እየጻፍን በነፃ የምናወጣ በጎ ፈቃደኞች ነን። አሁን የያዝነው የፓናማዋን ፖርቶቤሎን ነው። ካዝናችን ግን ባዶ ሆኗል።

ፖርቶቤሎ በካሪቢያን ዳርቻ፣ በኮሎን አውራጃ፣ ዝናብ በማይለያቸው ኮረብታዎችና በጥልቅ የባሕር ወሽመጥ መሃል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 ቆጠራ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪዎቿ 5 ሺህ አይሞሉም ነበር። ብዙ ጊዜ ስለ እንዲህ ያለች ከተማ የሚጻፈው እዚህ ላይ ያልቃል፤ እኛን የሚያስቆጨንም ይኸው ነው። ስፔኖች በ1597 ከቆረቆሯት በኋላ የፔሩ ብር (ማዕድኑ) ከፓሲፊክ በኩል በበቅሎ እየተጫነ እዚህ ይመጣ ነበር፤ ብሩን ወደ ስፔን የሚወስዱት መርከቦች ሲደርሱ ገበያው ይደራል፣ ሰው ማደሪያ ያጣል፣ መርከቦቹ ሲሄዱ ደግሞ ከተማዋ ጭር ትላለች። በ1668 የባሕር ወንበዴው ሄንሪ ሞርጋን ዘረፋት። በ1739 እንግሊዞች ምሽጎቿን አፈረሱ፣ የስፔን መርከቦችም በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ንግዱ ሲሸሽ ሰውም አብሮ ሸሸ።

ዛሬ እዚያ ከሚኖሩት ብዙዎቹ በባርነት ከአፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ከእነዚያ አምልጠው ጫካ የገቡም ነበሩ። የእነዚሁ ሰዎች ዘሮች በጭፈራና በበዓል የሚያቆዩት፣ የፓናማ የኮንጎ ባህል የሚባለው በ2018 በዩኔስኮ የተመዘገበው ከዚህ ታሪክ ተነስቶ ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር 21 ደግሞ በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ላለው የጥቁሩ ክርስቶስ ምስል ስለት ያለባቸው ምዕመናን በእግራቸው ይጎርፋሉ። ቁልቢ የሄደ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ምሽጎቿ ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው፤ በ2012 ግን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ አሁኑኑ መጻፍ አለበት እንላለን።

ገንዘቡ የሚውለው ለጸሐፊዎቹ የኢንተርኔት ጥቅልና ካርታውን በአማርኛ ለሚሠራልን ልጅ ነው። 50 ብርም ብትሆን ታግዘናለች። በደርግ ጊዜ ኩባ የተማራችሁ እናትና አባቶቻችን፣ ከእናንተ ብር አንጠይቅም፤ ስፔንኛችሁን ስጡን። የስፔንኛ ሰነዶችን የሚያነብልን ሰው በጣም ቸግሮናል።

የሒሳብ ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ ወዲያው እንልካለን። ወጪውን ከነደረሰኙ በየወሩ እዚሁ እንለጥፋለን። ከተረፈን የሆንዱራሷን ግራሲያስን እንቀጥላለን።