የጋራ ቤቱ ለጋራ ይዋል

ስለ ኮንዶሚኒየም ኑሮ ሲነሳ ሁሌም የሚወራው የውኃ ፈረቃ ነው። እኔም ጀሞ አራተኛ ፎቅ ስለምኖር ጀሪካን ይዞ ደረጃ መውጣትን አውቀዋለሁ። የተዘነጋው ግን የጋራ መገልገያ ቤቱ ነው።

ይህ ቤት የተሠራው በግ እንዲታረድበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ እንጀራ እንዲጋገርበት ነበር። የእኛው ግን ለሸቀጥ መጋዘንነት ተከራይቷል። ባለፈው ፋሲካ በጋችንን ያረድነው ደረጃው ሥር ነው፤ በባልዲ ውኃ ብናጥበውም ሽታው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አልለቀቀንም። ምድር ቤት ያሉት ጎረቤታችን በዓሉን መስኮት ዘግተው አሳለፉ።

ኪራዩ የጥበቃና የጽዳት ደመወዝ ይሸፍናል ይባላል። ገንዘቡ እንደሚያስፈልግ አልክድም፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን የነገረን የለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ መጠቀሚያን የሁሉም ቤት ባለቤቶች ንብረት አድርጎታል። ስለዚህ ማከራየቱም የጥቂቶች ውሳኔ ሊሆን አይገባም።

የኪራይ ውሉ ሲያበቃ ሳይታደስ በፊት ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ። ቢያንስ አንዱ ክፍል ለእርድና ለማብሰያ ይመለስ፤ ለጎደለው የጥበቃ ደመወዝ በየቤቱ እናዋጣ። ገቢና ወጪውም በየሦስት ወሩ ብሎኩ መግቢያ ላይ ይለጠፍ።

የጀሞ ነዋሪ፣ አዲስ አበባ