ስለ ርጭት፣ ስለ ባዶ የኬሚካል ዕቃና ስለ ልጆቻችን የነገ ጤና

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ባቱ (ዝዋይ)

ጉዳዩ፦ ልጆችንና ነፍሰ ጡር እናቶችን ከእርሻ ኬሚካል ስለመጠበቅ

ጤና ይስጥልን ውድ ወላጆች፣

ሰሞኑን አንዳንድ ተማሪዎች የሚጠጡትን ውሃ ይዘው የሚመጡት የፀረ-ተባይ መድኃኒት በነበረበት ዕቃ እንደሆነ አይተናል። ዕቃው ታጥቧል፣ ወረቀቱ ተልጧል፣ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ዕቃዎቹን ተቀብለን በሌላ ተክተንላቸዋል። የተቀጣ ልጅ የለም። ነገሩ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሁለት መስመር ተጽፎ የሚያልቅ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩላችሁ። አንዳንዱ ጉዳይ አፍ አውጥቶ ለመናገር የሚያሳፍር ነው። ቢሆንም በግልጽ እጽፈዋለሁ፣ ቅር አይበላችሁ።

አካባቢያችንን እናውቀዋለን። ከመቂ እስከ ባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው። የአበባ እርሻው የብዙዎቻችሁ እንጀራ ነው። ርጭት የሌለበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል። ኬሚካል ሲባል አብዛኞቻችን የምንፈራው ወዲያው የሚታየውን ነው፤ ማስመለሱን፣ ራስ ምታቱን፣ የዓይን ማቃጠሉን። እኔ ግን ዘግይቶ የሚመጣው ያሳስበኛል። አንድ ልጅ በማህፀን ሳለ ወይም በሕፃንነቱ የሚያገኘው ኬሚካል፣ አድጎ ትዳር ይዞ ልጅ ሲፈልግ ሊያስቸግረው ይችላል። ዳይሬክተር ከመሆኔ በፊት ባዮሎጂ አስተምር ስለነበር ትንሽ ላብራራው።

የሴት ልጅ እንቁላሎች የሚፈጠሩት ገና እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች ነው። እርግዝናው 5 ወር ገደማ ሲሆን ፅንሷ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን እንቁላል ይኖራታል። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይቀራል። ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ አይጨምርም። የወንድ ልጅ የመራቢያ አካል ደግሞ መልክ የሚይዘው በመጀመሪያዎቹ 3 የእርግዝና ወራት አካባቢ ነው። ሲያድግ የዘር ፍሬው ምን ያህል ዘር ማምረት እንደሚችል የሚወስኑት ሴሎችም በብዛት የሚራቡት በማህፀን፣ በሕፃንነትና በጉርምስና ነው። ይህን ሁሉ ሥራ የሚመሩት ሆርሞኖች ናቸው። የሚሠሩትም እጅግ በጣም በትንሽ መጠን ነው። አንዳንድ ፀረ-ተባይ ኬሚካሎች ሆርሞን መስለው ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የሆርሞኑን ሥራ ያግዳሉ። አዋቂ ላይ የሚደርስ መዛባት ኬሚካሉ ሲቆም የሚስተካከልበት ጊዜ አለ። ገና በመሠራት ላይ ያለ አካል ላይ ሲደርስ ግን ጉድለቱ ዕድሜ ልክ አብሮ ሊኖር ይችላል።

ዓለም ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፅንስ እንዳይጨናገፍ ተብሎ ዲኢኤስ የሚባል ሰው ሠራሽ ሆርሞን ለነፍሰ ጡሮች ይታዘዝ ነበር። በ1953 ቺካጎ ውስጥ የተደረገ ጥናት መድኃኒቱ ጽንስ ከመጨናገፍ እንደማያድን አሳየ። ሐኪሞች ግን ማዘዛቸውን አላቆሙም። ልጆቹ ሲወለዱ ጤነኛ ይመስሉ ነበር። በ1971 ቦስተን ውስጥ ዶክተር አርተር ኸርብስትና ባልደረቦቻቸው በወጣትነት ዕድሜ ፈጽሞ የማይጠበቅ የብልት ካንሰር ስለያዛቸው 8 ሴቶች ጻፉ። የ7ቱ እናቶች እርጉዝ ሳሉ ዲኢኤስ ወስደው ነበር። «ያኔ የወሰድኩት መድኃኒት ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ለሐኪሞቹ ያነሳችው ከእናቶቹ አንዷ ነበረች። ካንሰሩ የደረሰባቸው ጥቂቶች ናቸው። ከዲኢኤስ ልጆች ብዙዎቹ ሴቶች ግን አርግዞ መውለድ ከበዳቸው፤ እርግዝናቸው ከማህፀን ውጭ የሆነባቸው አሉ፣ ያለ ጊዜው የወለዱም አሉ። በወንዶቹ ላይ ደግሞ ወደ ከረጢቱ ያልወረደ የዘር ፍሬ ከሌሎች ይልቅ በዛ።

«ያ የሚዋጥ መድኃኒት ነው፣ እኛን ምን አገናኘን?» የሚል ይኖራል። ለእኛ የሚቀርበው የዴንማርክ ታሪክ ነው። እዚያ ግሪን ሃውስ ውስጥ የሚሠሩ ነፍሰ ጡር ሴቶችን ተመራማሪዎች ተከታተሉ። አብዛኞቹ ማርገዛቸው እንደታወቀ ከኬሚካል ርቀው ወደሚሠሩበት ቦታ ተዛውረዋል፣ ወይም ደመወዝ እየተከፈላቸው ዕረፍት ወጥተዋል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ ለኬሚካል ተጋልጠው ከነበሩት እናቶች የተወለዱ ወንዶች በ3 ወራቸው ሲመረመሩ የመራቢያ አካላቸው ከሌሎቹ ሕፃናት አነስ ያለ ነበር። የዘር ፍሬ አለመውረድም በዛ ብሎ ተገኘ። ሴቶቹ ልጆች አደግ ሲሉ እንደገና ታዩ። እናቶቻቸው የተጋለጡት ጡት ማውጣት የጀመሩት በአማካይ 8.9 ዓመታቸው ላይ ነበር፤ እናቶቻቸው ያልተጋለጡት ደግሞ 10.4 ላይ።

እኔን ያስደነገጠኝ እነዚህ ሴቶች ጥበቃ ተደርጎላቸው እያለ ይህ መድረሱ ነው። ሕጉ አለ፣ ጓንቱ አለ፣ ዝውውሩ አለ። የጎደለው ጊዜ ነው። አንዲት ሴት የወር አበባዋ ቀርቶ፣ ተጠራጥራ፣ ተመርምራ እስክታውቅ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። የፅንሱ አካል ደግሞ እስክታውቅ አይጠብቅም።

ስለዚህ ልጅ ለመውለድ ያሰባችሁ እናቶች፣ ሆድ እስኪገፋ አትጠብቁ። የወር አበባችሁ ሲቀር ቶሎ ተመርመሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሥራው ለእናቲቱ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ አሠሪው ወደ ሌላ ሥራ ሊያዛውራት ግዴታ አለበት። ይህ መብታችሁ ነው፤ ስትጠይቁ አትሸማቀቁ። አባቶችም «እኔ ነኝ የምረጨው፣ እሷ ቤት ናት» ማለት አይበቃም። የርጭት ልብስ ኬሚካሉን ቤት ያስገባል። ከማሳ ስትመለሱ ልብሱን ውጭ አውልቁ፣ ታጠቡ፣ ከዚያ ልጃችሁን እቀፉ። ልብሱ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ። እርጉዝ ሚስትም አትጠበው።

ባዶው ዕቃ ውሃም፣ ዘይትም፣ ጠላም አይያዝበት። ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ ጨምሩት። ከዚያ ዕቃውን ብሱት፣ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት ደግሞ ፈጽሞ አትግዙ። ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ልጅም ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ከሰል ለማያያዝ ፌስታልና ፕላስቲክ ማቃጠልም ይቅር። ጭሱ ውስጥ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። ጣሊያን ውስጥ ሴቬሶ አጠገብ በሐምሌ 1976 (እ.ኤ.አ.) ከአንድ ፋብሪካ ብዙ ዳዮክሲን ወጥቶ ነበር። የዚያን ጊዜ ከ10 ዓመት በታች የነበሩ ወንዶች አድገው ሲመረመሩ የዘራቸው ቁጥር ቀንሶ ተገኘ። በአዋቂነታቸው የተጋለጡት ላይ ግን ይህ አልታየም። ከእኛ የከሰል ምድጃ የሚወጣው መጠን ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ግን ምድጃው አጠገብ የሚቀመጠው ሕፃኑ ነው።

ይህን ያነበበች የምታጠባ እናት እንዳትደነግጥ አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ በተደረገ ጥናት የዲዲቲ ቅሪት በእናት ጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ዲዲቲ ለወባ መከላከያ ለብዙ ዓመታት በየቤቱ ሲረጭ ስለኖረ ነው። እንዲያም ሆኖ ጡት ማጥባት አታቁሙ። የጡት ወተት ለሕፃኑ የሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ማጥባትን ነው።

የተጋለጠ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለትም አይደለም። አብዛኞቹ ደህና ያድጋሉ። ከዚህ በፊት ማሳ ውስጥ ሠርታችሁ የወለዳችሁ እናቶች ራሳችሁን አትውቀሱ፤ የነገራችሁ ሰው አልነበረም። አሁን ማድረግ የሚቻለው መከታተል ነው። ወንድ ሕፃን ስታጥቡ ሁለቱም የዘር ፍሬዎች ከረጢቱ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ። 6 ወር ሞልቶት ካልወረደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሕክምናው ጊዜው ሳያልፍ ሲሆን ይሻላል። ሴት ልጅ 8 ዓመት ሳይሞላት ጡት ማውጣት ከጀመረችም ሐኪም ይያት። ይህ የሚደበቅ ነገር አይደለም።

በእኛ በኩል የወሰንነው እንዲህ ነው። የመማሪያ ክፍሎች የቁንጫና የትኋን ርጭት የሚደረገው ክረምት ላይ፣ ተማሪ በሌለበት ብቻ ይሆናል። በኬሚካል ዕቃ ውሃ ይዞ የሚመጣ ልጅ ዕቃው ይወሰድበታል፤ ምትክ መግዛት ለሚያስቸግረው ወላጅ ትምህርት ቤቱ ይሰጣል። ልጆችን ለርጭት ብላችሁ ከትምህርት አታስቀሩብን። ይህን ስል ቤታችሁ ያለውን ችግር ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የሰው እጅ ያነሳችሁ ካላችሁ ቢሮዬ መጥታችሁ ንገሩኝ፤ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ጋር መፍትሔ እንፈልጋለን። ልጁ ግን መርጫ አይሸከም።

በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትገኛለች። እናቶች ብቻችሁን ልታነጋግሯት ከፈለጋችሁ የሴት ተማሪዎች ክፍል ክፍት ይሆናል። ቤት ያለውን የኬሚካል ዕቃ ወረቀቱን ሳትልጡ ስሙን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ኑ፤ ዕቃውን ራሱን አታምጡት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር